ሺጌላ ላይሲን የሚያፈርስበትን ጂን ማጣቱ ጠቅሞታል ወይስ እንዲያው ወድቆበት ነው?

ጣና_ማይክሮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የሰገራ ካልቸር ላይ ነው የምሠራው። ሺጌላ የተባለውን ባክቴሪያ ከተለመደው የአንጀት ባክቴሪያ ከኢ. ኮላይ የምንለይባቸው ምልክቶች አብዛኞቹ የማጣት ምልክቶች ናቸው፦ አይንቀሳቀስም፣ ላክቶስን ቶሎ አያቦካም፣ ከግሉኮስ ጋዝ አያወጣም ማለት ይቻላል፣ ላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ አያፈርስም። በጂኖም (በጠቅላላ ዲኤንኤው) ደግሞ ራሱ ኢ. ኮላይ ነው። ይህን ሁሉ ያጣ ባክቴሪያ እንዴት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል? አንድ ጂን በእውነት መጥፋቱንስ ከሲኩዌንስ (ከተነበበ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል) እንዴት ላረጋግጥ?

ዓባይ_ጂኖም፦
በመጀመሪያ ያገኘውን አይርሱ። ሴል ውስጥ ሰብሮ የሚገባው ወደ 220 ሺህ ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) በሚደርስ ትልቅ ፕላስሚድ፣ ማለትም ከክሮሞዞሙ ውጭ በሚገኝ ዲኤንኤ ነው። ያለ እሱ ማጣቱ ብቻ በሽታ አምጪ አያደርገውም።

ላይሲን ላይ ስንመጣ፣ ካድኤ የሚባለው ጂን የሚሠራው ኢንዛይም ላይሲንን ወደ ካዳቨሪን ይለውጣል። ካዳቨሪን ደግሞ የሺጌላን መርዝ ሥራ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ካድኤን ወደ ሺጌላ ፍሌክስነሪ (አንዱ የሺጌላ ዝርያ) መልሰው ሲያስገቡት የመርዙ ኃይል ቀንሷል። ሁለተኛው ማስረጃ ለእኔ የበለጠ ያሳምናል፦ ሺጌላ የምንለው ከተለያዩ የኢ. ኮላይ ቅርንጫፎች በየጊዜው ተነጥሎ የወጣ ነው፤ ካድኤም በየቅርንጫፉ በተለያየ መንገድ ነው የተበላሸው። አንዱ ጋ ተቆርጦ ወጥቷል፣ ሌላው ጋ ተዘዋዋሪ ዲኤንኤ (በጂኖሙ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘል ቁራጭ) ገብቶበታል። አንድ ጂን በተለያየ ቦታ ለየብቻ ደጋግሞ ከጠፋ በአጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል።

ቆራጣ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን «ጠፋ፣ ስለዚህ ጠቀመው» የሚለው አነጋገር ወደ ሌሎቹ ሲዛመት ያሳስበኛል። ባክቴሪያው ሰው ውስጥ ብቻ መኖር ሲጀምር ምግቡን ከሴሉ ያገኛል፣ ከሰው ወደ ሰውም በጥቂቱ ነው የሚሻገረው። ሺጌላ ሰውን ለማሳመም ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ብቻ ይበቃዋል። ቁጥሩ በየመሻገሪያው ሲያንስ የተፈጥሮ ምርጫ ይዳከማል፤ ትንሽ የሚጎዳ ብልሽትም ሳይወገድ ይቀራል። ውኃ የማይቀዳበት እንስራ ቢሰነጠቅ የሚያስተውለው የለም።

የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ይመልከቱ። ጂኖሙ ወደ 3.27 ሚሊዮን ቤዝ ሲሆን፣ ወደ 1,600 የሚሠሩና ከ1,100 የማያንሱ የተበላሹ ጂኖች አሉት። የዘመዱ የቲቢ ባክቴሪያ 4.4 ሚሊዮን ቤዝና ወደ 4,000 ጂኖች ይዟል። የሥጋ ደዌው ግን እስከ ዛሬ በሰው ሠራሽ ሚዲያ አላደገም፤ እጥፍ ለመሆንም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ጥቅም ብሎ መጥራት አይቻልም።

በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው የአገራችን የሚያገረሽ ትኩሳትም እንዲሁ ነው። ከኢትዮጵያ የተገኘው የባክቴሪያው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2008 ጂኖሙ ሲወጣ፣ በመዥገር የሚተላለፈው ዘመዱ የተራቆተ ቅጂ ሆኖ ተገኘ፦ 1.57 ሚሊዮን ቤዝ ወደ 1.24 ሚሊዮን ወርዷል፣ 16ቱ ፕላስሚድ 7 ሆኗል። ዲኤንኤ የሚጠግነው ሬክኤ ጂንም ተበላሽቷል። ጠጋኙ ራሱ ከተበላሸ ደግሞ ቀሪው መንሸራተቱ አያስገርምም።

ዓባይ_ጂኖም፦
ልክ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ በተለያዩ ቅርንጫፎች ለየብቻ ጠፍቷል? ሲመለስስ ባክቴሪያው ይዳከማል? ለካድኤ ሁለቱም መልስ አዎ ነው። ፍላጀላን (የመንቀሳቀሻ ጅራቱን) በተመለከተ ማስረጃው እንደዚህ የጠራ አይመስለኝም፤ ሴል ውስጥ የሚገፋው አክቲን የተባለው የሰው ሴል ፕሮቲን ስለሆነ ፍላጀላው ሥራ አጥቶ ቀርቶም ሊሆን ይችላል።

ሲኩዌንሱን ሲያዩ የአኖቴሽን (ሶፍትዌር ጂኖችን ለይቶ ስም የሚሰጥበት) ውጤት ላይ ብቻ አይመኑ። ሺጌላ በመቶዎች የሚቆጠር ተዘዋዋሪ ዲኤንኤ ስላለው በኢሉሚና ማሽን ከሚነበቡ አጫጭር ቁርጥራጮች የሚገጣጠመው ጂኖም (አሴምብሊ) ይቆራረጣል፤ የኮንቲግ (የተገጣጠመ ቁራጭ) ጫፍ ላይ ያረፈ ጂን የጠፋ ይመስላል። ጥሬ ሪዶቹን (ማሽኑ ያነበባቸውን ቁርጥራጮች) በማነጻጸሪያው በኢ. ኮላይ ኬ-12 ጂኖም ላይ ማፕ ያድርጉ፣ ማለትም በቦታ በቦታቸው ያስቀምጡ። ጎረቤት ጂኖች ለምሳሌ 30 እጥፍ ሽፋን ኖሯቸው (ማለትም እያንዳንዱ ቤዝ 30 ጊዜ ያህል ተነቦ) ካድኤ ዜሮ ከሆነ በእርግጥ ወጥቷል። ረጃጅም ቁርጥራጭ በሚያነበው በናኖፖር ማሽን ብቻ ከሆነ ደግሞ ተመሳሳይ ቤዞች የተደረደሩበት ቦታ ላይ የሚታይ የአንድ ቤዝ መጉደል ብዙውን ጊዜ የማሽኑ ስህተት ነው፤ በኢሉሚና ወይም ጂኑን በፒሲአር አባዝተው በሳንገር የንባብ ዘዴ ያጣሩት። ጎን ለጎን ሁለት ጊዜ የተጻፈ ተመሳሳይ የጂን ስም ካዩም፣ መሃሉ ላይ የተሰበረ አንድ ጂን ሊሆን ይችላል።

ጣና_ማይክሮ፦
አመሰግናለሁ። በላይሲን አይረን አጋር (ላይሲን መፍረሱን በቀለም የሚያሳይ የቱቦ ሚዲያ) አንዳንዴ ሳልሞኔላ የሚመስለውም ታች ቢጫ ይሆንብናል። ይህም የጂን ማጣት ነው?

ቆራጣ፦
መጀመሪያ ሰዓቱን ያረጋግጡ። ባክቴሪያው ግሉኮሱን ቀድሞ ስለሚያቦካ ቱቦው በመጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፤ ወደ ወይን ጠጅ የሚመለሰው ላይሲኑ ሲፈርስ ነው። ከ18 ሰዓት በፊት ካነበቡት ያሳስትዎታል። ማፍረሱ አየር በሌለበት ስለሆነ የታችኛው ክፍል ጥልቅ ይሁን፣ በቀጥተኛ ኒድል ሁለቴ እስከ ታች ይውጉት። የባሕር ዳር ከፍታ ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነ አውቶክሌቩ 121 ዲግሪ ለመድረስ በጌጁ ላይ 15 ሳይሆን 18 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ሚዲያው ራሱ ብክለት ይዞ ቢጫ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቢጫ ከሆነ ሳልሞኔላ ፓራታይፊ ኤ ይጠርጥሩ። እሱም ሰው ላይ ብቻ የሚኖር ነው፣ ላይሲንም አያፈርስም፤ ግን ከሺጌላ በተለየ ይንቀሳቀሳል። ሞቲሊቲውን (መንቀሳቀሱን) አይተው ወደ አንቲሴረም (ዝርያውን በፀረ-አካል የሚለይ ምርመራ) ይለፉ።