የማመልከቻ ቀኖቹን ጎግል ሺት ላይ እንዴት ላሰልፋቸው?

ሰላም፣ እስቲ እርዱኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ከኢትዮጆብስ፣ ከቴሌግራም ቻናሎችና ከጋዜጣ ያገኘሁትን ክፍት የሥራ ቦታ ሁሉ ጎግል ሺት ላይ እመዘግባለሁ። ያስቸገረኝ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ነው። አንዱ ማስታወቂያ ኦክቶበር 30 ቀን 2025 ይላል። ሌላው ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ይላል። ያው አንድ ቀን ነው! 20/2/2018 ብዬ ስሞላው ግን ሺቱ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ አድርጎ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። በቀን ቅደም ተከተል ላሰልፍ ስል ሁሉም ይዘበራረቃል። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለውማ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ፎርሙላ ያላችሁ ብትልኩልኝ? ኮምፒውተር የለኝም፤ የምሠራው በስልክ ነው።