ኦልድትራፎርድ ይታደስ ወይስ በአዲስ ይተካ?

ናቲ ከፒያሳ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር የተጨቃጨቅንበትን ነገር እዚህ ላምጣው፤ ጨዋታ በምናይበት ቤት ሁሉም ይጮሃል እንጂ የሚሰማ የለም።

ማንቸስተር ዩናይትድ ኦልድትራፎርድን ትቶ እዚያው ጎኑ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም ልሥራ ብሏል። ዕቅዱ ይፋ የሆነው ማርች 11 ቀን 2025 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ወጪው ወደ 2 ቢሊዮን ፓውንድ ይገመታል። ንድፉ የአርክቴክቱ የኖርማን ፎስተር ቢሮ ነው። የክለቡ ባለድርሻ ሰር ጂም ራትክሊፍ በአምስት ዓመት ሊያልቅ ይችላል ብለዋል።

እኔ ልቤ እሺ አላለም። ኦልድትራፎርድ ከ1910 ጀምሮ አለ። በ1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ደበደቡት፣ ክለቡም እስከ 1949 ድረስ በሲቲ ሜዳ በሜይን ሮድ ኪራይ እየከፈለ ተጫወተ፣ ከዚያ ግን ቤቱን ጠግኖ ተመለሰ። ቦምቡ የወደቀው ደግሞ ማርች 11 ቀን ነው፣ ልክ አዲሱ ዕቅድ በተነገረበት ቀን። ጦርነት ያፈረሰውን አድሶ የገባ ክለብ ዛሬ ጣሪያው አፈሰሰ ተብሎ ጥሎት ይወጣል? አሠልጣኞቹ ባዝቢና ፈርጊ (ፈርጉሰን)፣ ተጫዋቾቹ ቻርልተን፣ ቤስት፣ ሎው፣ ሁሉም የተሠሩት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ሊቨርፑል አንፊልድን እያደሰ 61 ሺህ አድርሶታል። እኛ ምን ጎድሎን ነው?

ማደስ ወይስ አዲስ? ስሜት ብቻ አይሁን፣ ምክንያታችሁን ጻፉልኝ።


ቢኒ መሐንዲሱ

ናቲ፣ አንፊልድን ማንሳትህ ጥሩ ነው፤ መልሱ ያለው እሱ ላይ ነው።

አንፊልድ ላይ በ2016 የተከፈተው ዋናው ትሪቡን ሲሠራ አዲሱ መዋቅር የቆመው ከአሮጌው ጀርባ ነው። ከፊት ጨዋታ ይካሄዳል፣ ከኋላ ብረት ይተከላል። ይህ የሆነው ከጀርባው ያሉት ቤቶች ቀደም ብለው ተገዝተው ስለፈረሱ ነው፤ ማለትም ቦታ ነበረ። ኦልድትራፎርድ ግን በሰር ቦቢ ቻርልተን ትሪቡን በኩል ጀርባው የባቡር ሐዲድ ነው። አጠገብ ለአጠገብ። በቲቪ ስታይ ልብ ብለህ ከሆነ የፈርጉሰን ትሪቡን ሦስት ደርብ ሆኖ ተቆልሏል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ ባለ አንድ ደርብ ሆኖ ቀርቷል። ሌላው ጎን ሁሉ ወደ ላይ ሲያድግ እሱ ባለበት የቆመው በሐዲዱ ምክንያት ነው። ያንን ጎን ለማሳደግ ወይ ከሐዲዱ በላይ መገንባት ነው፣ ወይ ሐዲዱን መንካት ነው፣ ሁለቱም እጅግ ውድ ናቸው። ተጠንቶ የነበረው እድሳት ራሱ ወደ 87 ሺህ መቀመጫ ነበር የሚያደርሰው።

ሁለተኛ ነገር፣ እድሳቱ ሲካሄድ ቡድኑ የት ይጫወታል? ባርሴሎናን እይ። በ2023 ካምፕ ኑን ለቆ ሞንትዡክ ገባ፣ በ2024 መጨረሻ ይመለሳል ተባለ፣ የተመለሰው ኖቬምበር 2025 ነው፣ ያውም ግንባታው ሳያልቅ። ዩናይትድ ከ74 ሺህ በላይ ሰው የሚያስገባ ክለብ ነው። ግማሹን ትሪቡን ዘግቶ ለዓመታት ቢጫወት የሚያጣውን የበር ገቢ አስበው። አዲሱ ጎን ለጎን ከተሠራ ግን አሮጌው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ይሠራል።

በሙያው ስላለሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ አምስት ዓመት የሚለውን አልቀበለውም። ሐሳቡ ክፍሎቹን ሌላ ቦታ አምርቶ በማንቸስተር የመርከብ ቦይ አምጥቶ መግጠም ነው፣ እሱ በእርግጥ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን እዚያ አካባቢ የጭነት ባቡር ተርሚናል አለ፣ እሱ መነሳት አለበት፣ መሬት ማስለቀቅ ደግሞ እዚህም እዚያም ያው ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዓመታት ይበላል።

የኔ ድምፅ፦ አዲስ።


መድፈኛው

የአርሴናል ደጋፊ ነኝ፣ ግን ይህ ጉዳይ የኛን ቤት ስለሚያውቅ ዝም አልልም።

እኛ ሃይበሪን በ2006 ለቀን ኤሜሬትስ ገባን። ከ38 ሺህ ወደ 60 ሺህ። ወጪው 390 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፣ ዛሬ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፣ ለኛ ግን ዓመታት አስከፍሎናል። ዕዳው እስኪቀል ድረስ አሠልጣኛችን ቬንገር ልጅ እያሳደገ፣ ክለቡ እየሸጠ ኖርን። በ2007 ኦንሪ ሄደ። በ2011 ፋብሬጋስና ናስሪ ሄዱ። በ2012 ቫን ፐርሲን ለእናንተ ሰጠናችሁ፣ እናንተም በሱ ጎል ሊጉን በላችሁ። ከ2005 እስከ 2014 አንድ ዋንጫ አላነሳንም። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት የነበርን ልጆች እንዴት እንዳለፍነው እኛ እናውቃለን።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ግን መሄዳችን ትክክል ነበር። ሃይበሪ በየት በኩል ይሰፋ ነበር? ዙሪያው ቤት ነው። አሁን አፓርታማ ሆኗል፣ ሜዳው የነበረበት ቦታም አትክልት ሆኗል። ባንወጣ ኖሮ ከላይኞቹ ጋር የምንፎካከርበት ገንዘብ አይኖረንም ነበር። ቶተንሃምም እንደዚያው ነው፤ በ2018 ክረምት አንድ ተጫዋች አልገዙም፣ በ2019 አዲሱ ቤታቸው ገቡ፣ ዛሬ ኮንሰርቱም የአሜሪካ ፉትቦሉም እዚያ ነው።

ለእናንተ የምፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ ተበድረን ስታዲየም አገኘን። እናንተ በ2005 ግሌዘሮች ክለቡን ሲገዙ የተበደሩትን ዕዳ ክለቡ ትከሻ ላይ ጫኑት፣ በዚያ ዕዳ አንዲት ወንበር አልተገዛም። የመጨረሻው ትልቅ ማስፋፊያ፣ ማዕዘኖቹ የተሠሩበት፣ በ2006 ነው ያበቃው። ያው ዕዳ ሳይወርድ ሌላ 2 ቢሊዮን ሊጨመር ነው። ስታዲየሙን አትፍሩት፣ ብድሩን ፍሩት።


ዳዊት ኬ

ዌስትሃምን እዩ። አፕተን ፓርክን ትተው በ2016 የኦሎምፒኩ ስታዲየም ገቡ፣ ሰፊ ነው፣ ዘመናዊ ነው፣ ግን ለሩጫ የተሠራ ስለሆነ ደጋፊው ከሜዳው ራቀ። አፕተን ፓርክ ላይ ተጫዋች ኮርነር ሲመታ የደጋፊው ትንፋሽ ይደርሰው ነበር። ያ ድባብ በገንዘብ አይመለስም። 100 ሺህ ሰው ማለት ላይኛው ደርብ የተቀመጠው ተጫዋቹን እንደ ጉንዳን ያየዋል ማለት ነው። እኔ ይታደስ ባይ ነኝ።


ሰሎሜ ዘማንቸስተር

እዚሁ ማንቸስተር ነው የምኖረው፣ ልጄ ዩናይትድ ነው፣ እኔም በሱ ሰበብ ገባሁበት።

ናቲ፣ ስለ ታሪክ ያልከው ይገባኛል። በስታዲየሙ ማዕዘን ላይ የዩናይትድ ተጫዋቾች በአውሮፕላን አደጋ የሞቱበትን ቀን የሚያስታውስ የሙኒኩ ሰዓት አለ፣ ፌብሩዋሪ 6፣ 1958 ተጽፎበታል። በየዓመቱ በዚያ ቀን ሰው ከሥሩ ይሰበሰባል፣ ልክ 9 ሰዓት ከ4 ሲሆን ዝም ይላል። ሽማግሌዎች አሉ፣ ጨቅላ ያዘሉ አሉ፣ ከሌላ አገር የመጡ አሉ። እኔ ያንን ካየሁ በኋላ የሚያሳስበኝ ያ ሰው ነው፣ ሰዓቱማ ይዛወራል። ሐውልቶቹም ይዛወራሉ። አዲሱ የሚሠራው እዚያው ሠፈር ነው፣ ሌላ ከተማ አይደለም።

ቤቱ ማርጀቱን ግን አንካድ። ሜይ 2024 አርሴናል መጥቶ 1 ለ 0 አሸንፎ ሲሄድ ዝናቡ ከጣሪያው ማዕዘን እንደ ፏፏቴ ሲወርድ ዓለም በቲቪ አየው። በ2028 የአውሮፓ ዋንጫ እዚህ ሲካሄድ ማንቸስተር ላይ የሚደረጉት ጨዋታዎች በሲቲ ሜዳ ናቸው፣ ኦልድትራፎርድ የለበትም። በ2003 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ያስተናገደ ሜዳ ነው ይህ። ለዚህ ከተማ ደጋፊ ይህ ነገር እንዴት እንደሚያም በቃል አልገልጸውም።

የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ክለቡ በ2024 ወደ 250 ሠራተኛ ቀነሰ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሌላ እስከ 200 እቀንሳለሁ አለ። በ2024 መጨረሻም ውድድሩ ሊጋመስ ሲል ለአባላት የቀሩትን ትኬቶች 66 ፓውንድ አደረጋቸው፣ ለልጅም ለጡረተኛም ቅናሽ የለም። እንግዲህ ስታዲየሙን ማን ይክፈለው ስትሉ መልሱ ከወዲሁ እየታየ ነው። ዕቅዱ ይፋ ሲሆን ምስሉን አሳዩን፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ጣሪያ፣ ሦስት ረጃጅም ምሰሶ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን ያን ቀን አልነገሩንም።


የድሮ ካታንጋ

ልጆች፣ እኔ ስለ እንግሊዝ ብዙ አልናገርም፣ የራሳችንን ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ስታዲየምን የማያውቅ የለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳነው እዚያ ነው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ የሚባሉት የመቀመጫ ክፍሎች፣ ሁሉም የራሱ ሰው ነበረው። የካታንጋ ሰው ጥላ ፎቅ ቢወስዱት አይቀመጥም፤ ፀሐይ ቢያቃጥለው፣ ዝናብ ቢመታው ቦታው እዚያ ነው።

ያ ስታዲየም በየጊዜው ቀለም ይቀባ ነበር። መሠረታዊው ነገር ግን አልተነካም፤ መልበሻ ክፍሉ፣ ወንበሩ፣ ሜዳው። ሲንከባለል ሲንከባለል የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) መስፈርት አታሟሉም አለ። ባህር ዳርንም አገደብን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስንመታ ጨዋታው በሜዳችን ይባል ነበር፣ የተካሄደው ግን ማላዊ ሊሎንግዌ ነው። እንዲህ ያለ ድል ተገኝቶ ካታንጋ አልዘፈነም። የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታም ከከተማው ወጥቶ ሌላ ክልል ሲንከራተት ከረመ።

ይታደስ ያላችሁም፣ ይፈረስ ያላችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሁለቱንም ሳይወስኑ ሃያ ዓመት መቀመጥ ነው የሚገድለው። ዩናይትድ እዚህ የደረሰው ሳይወስን በመቆየቱ ነው፣ እኛም እንዲሁ።


ናቲ ከፒያሳ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የማላዊውን ጨዋታ እኔም በቲቪ ነው ያየሁት፣ ያን ዕለት መደሰትና ማዘን እኩል ነበር። እርስዎ እንዳሉት የሜዳችን ጨዋታ ተብሎ ባዶ ወንበር ማየት ከባድ ነው።

ቢኒ፣ የሐዲዱ ነገር አሳመነኝ። ሦስት ጎን አሳድጎ አንዱን ዝቅ አድርጎ ለመቀጠል ያ ሁሉ ገንዘብ አይወጣም። ክለቡ ደጋፊውን ሲጠይቅም ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያሉት አዲስ ይሠራ ማለታቸውን አንብቤአለሁ፤ ለማደስ ድምፅ የሰጠው ከሦስቱ አንድ አይሞላም።

ግን አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ማፍረስን አልቀበልም። ኤቨርተን በ2025 ጉዲሰን ፓርክን ሲለቅ መጀመሪያ ሊያፈርሰው ነበር፣ በኋላ ግን ለሴቶቹ ቡድን ሰጠው፤ ዛሬ እዚያ የሚጫወቱት እነሱ ናቸው። ከ1892 ጀምሮ የነበረ ሜዳ አሁንም ኳስ ይመታበታል። ኦልድትራፎርድን ቀንሶ፣ አንዱን ትሪቡን ብቻ አስቀርቶ፣ ለሴቶቹና ለአካዳሚው ማድረግ አይቻልም?


ቢኒ መሐንዲሱ

ይቻላል፣ ግን ቦታው ለአዲሱ አካባቢ ልማት የታሰበ ነው፤ ቤት፣ ሱቅ፣ አደባባይ። ሁለት ስታዲየም ጎን ለጎን መጠገን ደግሞ ሁለት ቤት ማስተዳደር ነው። ጥገና የሚያስወጣውን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ቀላል ነው የሚልህ። ቢሆንም ቢያንስ የአደጋው መታሰቢያ የሆነው የሙኒክ መተላለፊያና ከ1910 የተረፈው የተጫዋቾች መግቢያ መትረፍ አለበት። የተጫዋቾች መግቢያው ከጦርነቱ የተረፈ ነው።


ሰሎሜ ዘማንቸስተር

በዚህ እስማማለሁ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። የመጀመሪያው ብረት ከመተከሉ በፊት ከ100 ሺህ ወንበር ውስጥ ስንቱ በርካሽ ለወጣትና ለጡረተኛ እንደሚሆን በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ከሜዳው አጠገብ ያለውም ሁሉ ለሀብታም እንግዳ እንዳይሆን። አሁን ካልተጻፈ በኋላ ብድሩ ሲመጣ ማንም አይሰማንም። የደጋፊ ማኅበራቱ ስብሰባ ሲጠሩ እሄዳለሁ፣ ልጄንም ይዤ። ናቲ፣ የሚሉትን እዚህ እጽፍልሃለሁ።