ከሌላ ሞተር የተነቀለ ኖዝል ወይስ አዲስ? ለአሮጌ ናፍጣ መኪና ጥቆማ

ለቸኮለ ሰው መልሴን ላስቀድም። የራሳችሁን ኢንጀክተር፣ ማለትም ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ዕቃ አትጣሉ። ጫፉን፣ ማለትም ኖዝሉን ብቻ በታወቀ ስሪት ቀይሩና ፖምፒስት (የናፍጣ ፓምፕና ኢንጀክተር ባለሙያ) ጋ በማሽን አስለኩት። ከሌላ ሞተር የተነቀለ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው፤ እሱም በቅድመ ሁኔታ።

ዕቃ ከመፈለጋችሁ በፊት ሞተራችሁን እወቁ። የድሮዎቹ መርሴዲስ 240ዲ እና 300ዲ፣ ቮልስዋገን 1.6 ናፍጣ፣ ቶዮታ 2ኤል እና 3ኤል ነዳጁን የሚረጩት ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ኖዝላቸው ባለ ፒን ነው። እንደ ቮልስዋገን 1.9 ቲዲአይ ያሉት ደግሞ በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ይረጫሉ፤ የኖዝላቸው ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው። የሁለቱን ወገን ኖዝል ማቀያየር አይታሰብም። ቦሽ ከሆነ የተቀረጸበትን አንብቡ። «ዲኤን» ብሎ ከጀመረ ባለ ፒን ነው። «ዲኤልኤልኤ» ወይም «ዲኤስኤልኤ» ካለ ባለ ቀዳዳ ነው።

ወደ ተነቀለው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ጥርሱ ገጠመ፣ ቁመቱ ልክ ሆነ፣ በቃ ይሠራል ይባላል። የቮልስዋገን 1.6ን ውሰዱ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ኢንጀክተር በ130 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይከፍታል፣ ባለ ቱርቦው በ155 አካባቢ። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያውን ቱርቦው ላይ ብትገጥሙት ቀድሞ ይከፍትና የመርጨቱ ሰዓት ይዛባል። ስለዚህ የተነቀለ ከገዛችሁ ከዚያው ሞተር ዓይነት፣ ሙሉ ስብስቡን ግዙ፤ ሳይለካም አትግጠሙት። ከአንዱ ኖዝል መርፌ፣ ማለትም ውስጡ ሆኖ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዘንግ አውጥቶ ሌላው አካል ውስጥ መክተት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። መርፌውና ቤቱ በማይክሮን ልክ አብረው የተፋቁ ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም።

አዲስ ኖዝል ላይ ለአውሮፓ ሞተር ቦሽ፣ ለጃፓን ዴንሶ ወይም ዜክሰል እላለሁ። ለመርሴዲስ ሞናርክም ጥሩ ነው። ስም የለሹን ርካሽ ዕቃ ሁሉ አልኮንንም፤ ግን ካርቶን አይታችሁ አትመኑ። ፎርጅዱም ካርቶን አለው።

ታድሶ የሚሸጥ ሙሉ ኢንጀክተር መኪና ማቆም ለማይችል ሰው ይመቻል። ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «እያንዳንዱ በስንት ባር ከፈተ?» ቁጥር ካልሰጣችሁ ይቅርባችሁ። ነዳጅ ላይ የሚጨመር ማጽጃ? የተበላ መርፌ አያድስም።

እኔ ከኖዝሉ ስም ይልቅ ለልኬቱ ብከፍል እመርጣለሁ። ጥሩ ፖምፒስት ሲለካ ቆማችሁ እዩ። ማንሻውን ሲጫን ጌጁ ይወጣል፣ ከዚያ ኖዝሉ ክርርር ብሎ ናፍጣውን እንደ ጉም ይበትነዋል። በቀጭን ክር ከወረደ ወይም ወደ ጎን ካዘነበለ አልሆነም። ቀጥሎ ግፊቱን ከመክፈቻው 10 ባር ዝቅ አድርጎ 10 ሰከንድ ያህል ይይዘዋል፤ ጫፉ ማንጠባጠብ የለበትም። መክፈቻው ዝቅ ካለ ከሞላው (ከስፕሪንጉ) ጋር ያለችውን ቀጭን ሮንዴላ በወፍራም ይቀይራል። የ0.05 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንደ ኢንጀክተሩ ዓይነት ከ3 እስከ 5 ባር ያመጣል። ስብስቡ በሙሉ በ5 ባር ልዩነት ውስጥ ከሆነ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሞተሩ አዟዟር) ይረጋል። እጃችሁን ግን ከርጩ አርቁ! ቆዳ በስቶ ይገባል። የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ብትሆንም በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

ሲገጠም ከኢንጀክተሩ ሥር የምትገባው ሮንዴላ አዲስ ትሁን። ትርፍ ናፍጣ የሚመልሱትን የመመለሻ ጎማዎችም አብራችሁ ቀይሩ፣ ርካሽ ናቸው።

ደግሞ ሁሉንም ከመግዛታችሁ በፊት ጥፋተኛውን ፈልጉ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የአንዱን ኢንጀክተር የቱቦ ዳዶ በጨርቅ ሸፍናችሁ ትንሽ አላሉት፣ መልሳችሁ አጥብቁት፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ። የሚንኳኳው ድምፅ የጠፋበት እሱ ነው። ይህ ለድሮዎቹ ብቻ ነው፤ ኮመን ሬይል (ሁሉም ኢንጀክተሮች ከአንድ የጋራ ባለ ከፍተኛ ግፊት ቱቦ የሚቀዱበት አዲሱ ዓይነት) ላይ ግፊቱ ከ1,000 ባር ሊያልፍ ስለሚችል እንዳትነኩት።