ለዴል 7050 ጠባቡ ኬዝ የሚሆን ፕሮሰሰር፦ አይ7-8700 ይሠራል?

ከዚራ ፎቶ፦
ሰላም ለድሬና ለሐረር ሰዎች። ፎቶ ቤቱ የሚሠራበት ማሽን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ነው፤ ታወሩ ሳይሆን ጠባቡ፣ ኤስኤፍኤፍ የሚባለው። ያለው አይ3-6100፣ አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም እና ኤስኤስዲ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ላይ ይቆማል። ያገለገለ አይ7-8700 ያለው ሻጭ «ሶኬቱ (ቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት) ያው 1151 ነው፣ ይገባል» ይላል። እውነት ነው? ካልሆነስ እስከ ምን ድረስ ማሳደግ ይቻላል? ክፍሉ ኤሲ የለውም፣ የጣሪያ ፋን ብቻ ነው።

ሶኬት፦
አትግዛው። መግባቱንስ ይገባል፤ የጠርዙ ቁርጥ ከ7ኛው ጄኔሬሽን ጋር አንድ ስለሆነ ሶኬቱ አይከለክለውም። ሻጩም ያየው ይህን ብቻ ነው። ኢንቴል 8ኛውን ጄኔሬሽን ሲያወጣ የፒኑን ብዛት ሳይነካ የፒኖቹን ሥራ ቀይሯል፦ ለኮሮቹ (ስሌቱን ለሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ከ128 ወደ 146 አድገዋል። ያንተ ቺፕሴት (ቦርዱን የሚያስተባብረው ቺፕ) ኪው270 ነው፣ 8700 የሚፈልገው ደግሞ የ300 ሲሪየስ ቦርድ ነው። ብትገጥመው ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ የባዮስ (የቦርዱ መነሻ ሶፍትዌር) አፕዴትም አያድነውም።

ላንተ የሚሆነው 6ኛ እና 7ኛ ጄኔሬሽን ነው። አይ5-7500 4 ኮርና 4 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) አለው፣ አይ7-7700 ደግሞ 4 ኮርና 8 ትሬድ፤ ሁለቱም 65 ዋት ናቸው። ኤክስፖርት ላይ ትሬዱ ስለሚለይ እኔ 7700ን እላለሁ። አይ7-6700 በቅናሽ ካገኘህም ልዩነቱ ትንሽ ነው። መጨረሻው ላይ ኬ ያለውን ግን ተወው። 7700ኬ 91 ዋት ነው፣ ያንተ ፓወር ሰፕላይ በጠቅላላ 180 ዋት ነው፣ ኪው270 ደግሞ ኦቨርክሎክ (ከተመደበው ፍጥነት በላይ ማሠራት) አይፈቅድም። ሙቀቱን ተሸክመህ ጥቅሙን አታገኘውም።

ስትገዛ ሞዴሉን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከብረት ክዳኑ ላይ አንብብ። 7700 ላይ ከስሙ ጋር ኤስአር338 የሚል ኮድ አለ። በሞዴሉ ፋንታ «ኢንቴል ኮንፊደንሻል» የሚል ካየህ የሙከራ ናሙና ነው፣ መልስለት።

ጀጎል፦
አቦ ሙቀቱን አትርሱት! ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች አያወርደውም፤ የሚሠራው ከክፍሉ ሙቀት ተነስቶ ነው። እዚህ ሐረር ክፍሉ 22 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 75 ላይ ከሠራ፣ ያው ማሽን ድሬ ወርዶ 37 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ሲገባ 90 ይደርሳል። 7700 ደግሞ 100 ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኬዙ ጠባብ ነው፣ አቧራም አለ። ስለዚህ የእኔ ምክር አይ7-7700ቲ ነው፦ ያው 8 ትሬድ፣ ግን 35 ዋት።

ሳቢያን ጥገና፦
የጀጎል ስሌት ትክክል ነው፣ መፍትሔው ላይ ግን እለያለሁ። ቲው መነሻው 2.9 ጊጋኸርዝ ነው፣ ተራው 7700 ግን 3.6። ተራውን ግዛና ግንቦትና ሰኔ ላይ ባዮስ ገብተህ፣ ፐርፎርማንስ ከሚለው ሥር ፍጥነቱን ከመነሻው በላይ የሚያወጣውን ተርቦ ቡስት አጥፋ። 3.6 ላይ ይረጋል፣ ሙቀቱም በደንብ ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ መልሰህ ታበራዋለህ። በቲ ግን ተርቦውን ብታጠፋ የሚረጋው 2.9 ላይ ነው።

አገጣጠሙ ላይ ሰው የሚያበላሸው ሶኬቱን ነው። ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ነው፣ በጣም ቀጭን ናቸው። ማሽኑን 10 ደቂቃ አሠርተህ አጥፋ፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የደረቀው ፔስት ሲሞቅ ይለቃል። ገመዱን ንቀል፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጫን፣ የኬዙን ብረት ንካ። የማቀዝቀዣውን ብሎኖች በሰያፍ እየተቀያየርክ ጥቂት በጥቂት ፍታ፣ ከዚያ ሳትጎትት ግራ ቀኝ ወዝወዝ አድርገህ አንሳው። አዲሱን ከጠርዙ ይዘህ የወርቁን ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አገናኝና ቀጥ አድርገህ አስቀምጠው። በጣት አትጫነው፤ የሚጫነው ማንሻው ነው። ከመዝጋትህ በፊት የስልክ መብራት በጎን አብርተህ ሶኬቱን እይ፦ ረድፉ ላይ በተለየ የሚያብለጨልጭ ፒን ካለ ተጣሟል ማለት ነው፣ እንዲያው አትዝጋው።

አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርገህ አድርቅ፣ አዲሱን መሃል ላይ የምስር ፍሬ ያህል ብቻ አድርግ። የማቀዝቀዣውን ክንፎች በብሎወር ስታጸዳ ፋኑን በጣትህ ያዘው፣ ያለ ኤሌክትሪክ እየተሽከረከረ እንዳይጎዳ።

ባዮስ አፕዴት ለማድረግ ከወሰንክ ያለ ዩፒኤስ አትሞክረው። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

ከዚራ ፎቶ፦
8700ን ተውኩት፣ 7700 አፈላልጋለሁ። አንድ ጥያቄ፦ በ7700 ዊንዶውስ 11 ይጫናል?

ሶኬት፦
በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ጥቂት ልዩ ሞዴሎች ሲቀሩ ዝርዝሩ ለዴስክቶፕ ኢንቴል ከ8ኛው ጄኔሬሽን ይጀምራል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዓላማህ ዊንዶውስ 11 ከሆነ ለፕሮሰሰር ገንዘብ አታውጣ፣ አስቀምጠውና ኦፕቲፕሌክስ 7060 ግዛ። እሱ ኪው370 ስለሆነ ያ 8700 እዚያ ላይ ይሠራል።

እዚሁ 7050 ላይ ከቀጠልክ ሁለተኛ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ጨምር፤ አንድ ራም ብቻ ካለ ፕሮሰሰሩ በአንድ ቻናል ነው የሚሠራው። ፕሮሰሰሩንም ሻጩ ጋ በራስህ ማሽን አስገጥመህ ኤክስፖርት ጀምር፣ ኤችደብሊው ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ሙቀቱን ለ20 ደቂቃ ተከታተል። ጠዋት አትሂድ፤ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ ድሬ ስትግል ሞክረው።