አዲሱ ሙዚየማችን ሊመረቅ ነው፤ የውሃ ቀለም ሥዕሎቹን መስታወት ፊት እንስቀል ወይ?

ባለመሳቢያዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የኅትመት ሥዕል ተማሪ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዩኒቨርሲቲያችን ሙዚየም ዕቃ ማከማቻ ውስጥ በትርፍ ጊዜዬ ሠርቻለሁ። ሥራዬ መሳቢያ መክፈት፣ ሥዕሉን መለካት፣ ያለበትን ሁኔታ መጻፍና መልሶ መክደን ነው። አንዳንዶቹን ወረቀቶች በነዚህ ሁለት ዓመታት ከእኔ በቀር ያያቸው ሰው የለም። ስለዚህ አዲስ ሕንፃ ሲሠራልን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሕንፃው ከስድስት ሳምንት በኋላ ይመረቃል። የመግቢያው አዳራሽ በምዕራብ በኩል ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። በጣም ያምራል። ችግሩ ምንድነው፣ የምረቃው ኮሚቴ የውሃ ቀለም ሥዕሎቹና የቆዩት ፎቶግራፎች እዚያው አዳራሽ፣ ከመስታወቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ ወስኗል። እንግዳ ሁሉ የሚገባው በዚያ ስለሆነ ምርጦቻችንን መጀመሪያ ይይ ነው ሐሳቡ።

ባለፈው ሳምንት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ግድግዳው ጋ ቆሜ ብርሃኑን ለካሁ። ከ3000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አለፈ። ይህንን ስብሰባ ላይ አነሳሁት። «ለአንድ ወር እኮ ነው፤ ፀሐዩም የሚገባው ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ምን ይሆናል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ድምፄም ተንቀጠቀጠ።

አንድ ወር በእርግጥ ይጎዳል? የሚጎዳ ከሆነስ ለኮሚቴው እንዴት ብዬ ላስረዳ? ሌላም አለ። ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። እሱስ ያሳስባል?

የቀድሞ ዕቃ ክፍል ኃላፊ

እህቴ፣ ይጎዳል። ልክ ነሽ። እኔ ዕድሜዬን በሙዚየም ዕቃ ክፍል ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ኮሚቴ ፊት ስትቀርቢ ቁጥር ይዘሽ ቅረቢ።

ለወረቀት፣ ለውሃ ቀለምና ለጨርቅ ሙዚየሞች የለመዱት ልክ 50 ሉክስ ነው። ለዘይት ቀለም እስከ 200 ድረስ ይኬዳል። ዋናው ነገር ጉዳቱ የሚደመር መሆኑ ነው። ብርሃኑን በሰዓት አባዢው። በ50 ሉክስ በቀን ለ8 ሰዓት የተሰቀለ ሥዕል 400 ሉክስ ሰዓት ይቀበላል። የእናንተ ግድግዳ ደግሞ 3000 ሉክስ ለ3 ሰዓት፣ 9000 ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የ22 ቀን ተኩል ብርሃን ጨረሰ ማለት ነው። በ30 ቀን ስታባዢው 675 ቀን ይመጣል። ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ። የጠዋቱን ብርሃን ገና አልቆጠርኩም። «ለአንድ ወር እኮ ነው» ላሉሽ ሰዎች ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጫቸው።

«መስታወቱ ላይ ፊልም እንለጥፋለን» ይሉሽ ይሆናል። ይለጥፉ፣ ጥሩ ነው፤ በዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይይዛል። ግን በዓይናችን የምናየው ብርሃንም ቀለም ያነጣል። የነጣ ቀለም ደግሞ አይመለስም። ወረቀት ቢቀደድ ይጠገናል፣ ቢቆሽሽ ይጸዳል። ቀለም ከለቀቀ ግን በቃ።

ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የምነግረው አንድ ታሪክ አለ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ማርክ ሮትኮ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሣላቸው ትልልቅ ሸራዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ሰፋፊ መስኮት ባለው የመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ተሰቀሉ። ሠዓሊው ሊቶል ሬድ የሚባል ቀይ ቀለም ተጠቅሞ ነበር። ይህ ቀለም ብርሃን አይችልም። ቀዩ እየሄደ እየሄደ ሰማያዊ ቀረ። በ1979 አወረዷቸውና ማከማቻ ገቡ። የሃርቫርድ ሙዚየሞች በአርክቴክቱ ሬንዞ ፒያኖ ንድፍ ታድሰው በ2014 ሲከፈቱ እነዚያው ሸራዎች ለእይታ ቀረቡ። ሸራውን በብሩሽ አልነኩትም። የጠፋውን ቀለም በፕሮጀክተር ብርሃን አሰልተው ላዩ ላይ አበሩለት። በየቀኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ፕሮጀክተሩን ያጠፉት ነበር። ጎብኚው እውነተኛውን፣ የደበዘዘውን ያያል። ይህን ሁሉ ሥራ ያመጣው ያ የመስኮት ብርሃን ነው።

ኮሚቴውን «አይሆንም» ብለሽ ብቻ አትተዪው። ምትክ ስጪው። አዳራሹን ለድንጋይ፣ ለነሐስና ለሸክላ ልቀቁት፤ ላያቸው ላይ ቀለም የሌለባቸውን ምረጡ። ቅርፃቅርፅ የጎን ፀሐይ ሲያገኝ ያምርበታል። እንግዳውም ከመስታወቱ ውጭ ሆኖ ያየዋል።

ከቤተ ሙከራ

ስለ ሽታው ላንሳ። አዎ፣ ያሳስባል። አዲስ ቀለም፣ ማጣበቂያና የእንጨት ውጤት ለወራት ጋዝ ይለቃል። አዲስ ልስንና ሲሚንቶ ደግሞ እርጥበት ይተፋል። ክፍት አዳራሽ ውስጥ አየሩ ስለሚዘዋወር ይቀላል። የሚያስፈራው የተዘጋ የመስታወት ሳጥን ነው። ከታች ያለው ጠረጴዛ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫና ከማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ከሆነ ጋዙ እዚያው ይታፈናል።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ኦዲ ይባላል። የብር፣ የመዳብና የእርሳስ ቁራጭ ከምትጠራጠሩት ዕቃ ናሙናና ከትንሽ ውሃ ጋር በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይታሸጋል። በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ28 ቀን ይቀመጣል። ብረቶቹ ከጠቆሩ ወይም ከዛጉ ዕቃውን አትጠቀሙበት። ስድስት ሳምንት አላችሁ አይደል? ነገ ከጀመራችሁ ይደርሳል። የኬሚስትሪ ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ ምድጃ አያጣም፤ ሂዱና ጠይቁ።

መምህርት ነኝ

ጋሼ ያሉት ሒሳብ ትክክል ነው፤ ልጨምርበት አልችልም። የምፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። ወረቀቶቹ ከአዳራሹ ይወጡና ተመልሰው መሳቢያ ውስጥ ይቀበራሉ። ጠያቂዋ ራሷ ሁለት ዓመት ማንም አላያቸውም ብላለች። እኔ ይህን ስሰማ በጣም አዘንኩ። የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ማለት ተማሪው ሥዕሉን ቀርቦ የሚያይበት ቦታ ማለት እኮ ነው።

በአሜሪካ ኦበርሊን ኮሌጅ ያለውን ሙዚየም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ለተማሪዎቹ ኦሪጅናል ሥዕል ያከራያል። ተማሪው ወስዶ መኝታ ክፍሉ ይሰቅለዋል። የሚፈልገውን ለማግኘት ሌሊቱን ሰልፍ ላይ የሚያድር አለ። እንደዚያ አድርጉ አልልም፤ ስብስቡ ለዚያ ተብሎ ነው የተመረጠው። እኔ የምለው የጥናት ክፍል ይኑራችሁ ነው። መስኮት የሌለው አንዲት ክፍል፣ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ደብዘዝ ያለ መብራት። ተማሪው የፈለገውን ሥዕል ቁጥር ጽፎ ይጠይቃል፣ ሥዕሉ ይወጣለታል፣ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ያየዋል። አንድ ሰዓት በ50 ሉክስ ስንት ነው? 50። ከ9000 ጋር አስተያዩት።

ተማሪዎቼን አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ክፍል ወስጃቸው ነበር። አንድ የምሕንድስና ተማሪ ከአንዲት የእርሳስ ንድፍ ፊት አርባ ደቂቃ አልተነሳም። ሠዓሊው አጥፍቶ የሣለውን መስመር አግኝቶ ነበር። በአዳራሽ ግርግር ውስጥ ይህ አይታይም። በምረቃው ቀን ይህችን ክፍል ክፈቱ። በየተራ ስምንት ስምንት ሰው አስገቡ።

ባለመሳቢያዋ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ሒሳቡን በትልቁ ጽፌ ዛሬ ጠዋት ለኃላፊዋ ሰጠኋት። 675 የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልክ አንስታ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ጠራችው። ከነሐስ ሥራዎቻችን አራቱ ወደ አዳራሹ እንዲገቡ ተስማምተዋል። ውሃ ቀለሞቹ ወጡ። ፎቶግራፎቹ ላይ ግን ገና እየተከራከርን ነው፤ ሰብሳቢው ቢያንስ ሦስቱ ይቅሩልኝ ይላል። ሐሙስ ሌላ ስብሰባ አለ።

መምህርት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለወንበር ማስቀመጫ የተያዘች መስኮት የሌላት ክፍል አለች። ጠረጴዛ ይገባባት እንደሆነ ነገ ሜትር ይዤ እሄዳለሁ። የኬሚስትሪ ክፍሉም ምድጃውን ፈቅዷል። የመስታወት ሳጥኖቹን እግር ከምን እንደሠሩት አናጢውን ጠይቄ ናሙና እየጠበቅኩ ነው።

ፎቶግራፎቹን በተመለከተ ግን እርዱኝ። የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከውሃ ቀለም የተሻለ ብርሃን ይችላል የሚል ክርክር ሐሙስ ቢመጣብኝ ምን ልበል?