አስቸኳይ፦ የፓራሹቴ ብሬክ ገመድ ተበጠሰ፤ ሪገሩ «ስፔክትራ፣ ቬክትራን ወይስ ኤችኤምኤ?» እያለኝ ነው

ሰማይ_ቤቴ ጠየቀ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ስዘል የቀኙ ብሬክ ገመድ ከቶግሉ (ከእጅ መያዣው) ትንሽ ከፍ ብሎ ተበጠሰብኝ። ካኖፒው (የፓራሹቱ ክንፍ) ቀጥ ብሎ ይበር ነበር። ገና ከፍ ብዬ ሳለሁ በኋለኞቹ ራይዘሮች (ገመዶቹን ከትከሻዬ ማሰሪያ ጋር በሚያያይዙት ጠፍሮች) ፍሌር፣ ማለትም ለማረፍ ፍጥነት መቀነስ፣ ሞከርኩ፣ ያዘልኝ። በዚያው አረፍኩ፣ ሰውነቴ ደህና ነው። አሁን ፓራሹቱ ሪገር (የፓራሹት ጠጋኝ ባለሙያ) ጋ ነው። «የቀረውም ገመድ አርጅቷል፣ ሙሉውን እንቀይረው። በምን ልዘዝልህ? ስፔክትራ፣ ቬክትራን ወይስ ኤችኤምኤ? እስከ ሐሙስ ንገረኝ» አለኝ። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ መዝለል እፈልጋለሁ። የቱን ልበለው?

የፐሪስ_ልጅ፦
ስንት ካሬ ጫማ ነው? ስንት ዝላይ አለው? አሁን ያለበት ገመድ ምንድን ነው? አንተስ ከነዕቃህ ስንት ትመዝናለህ? ይህን ካልነገርከን ሁሉም የሚወደውን ነው የሚነግርህ።

ተፈሪ_ሜዳ፦
ወንድሜ፣ እኔ አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶዬን እንኳ ፈትቼ አላውቅም፣ ምክር የለኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ግን ለካ ለእናንተ ነው! አንዷ ስትበጠስ ሌሎቹ ይዘውሃል። እንኳን ተረፍክ።

ጋሽ_አየርወለድ፦
ልጄ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። እኔ በወታደርነት ዘመኔ በክብ ፓራሹት ነው የዘለልኩት። ገመዱ ናይለን ነበር። ናይለን ሲጎተት ይለጠጣል፣ ድንጋጤውን እሱ ይውጥልሃል፣ ሰውነትህ ጋ ሲደርስ ለስልሷል። የአሜሪካኖቹ ቲ-10 ፓራሹት ሠላሳ ገመድ ነበረው፣ አንዱ ቢበጠስ ወታደሩ ሳያውቀው ነው መሬት የሚደርሰው። እናንተ ግን የጫማ ማሰሪያ በሚያህል ክር ተንጠልጥላችሁ ትዞራላችሁ። ለምን ወደ ናይለን አትመለሱም? ይህን ስል ልቆጣህ አይደለም፣ ደንግጬልህ ነው።

የፐሪስ_ልጅ፦
ጋሼ፣ የእርስዎ ክብ ፓራሹት ሥራው መውረድ ብቻ ነበር። ይሄኛው ክንፍ ነው። የፊቱ ገመድ ያጥራል፣ የኋላው ይረዝማል፣ በዚያ ልዩነት ነው ወደፊት የሚበረው። ናይለን ተለጥጦ ሲቀር ልዩነቱ ይዛባል፣ ክንፉም ቅጥ ያጣል። ክብር ይስጥልኝ።

ብሬክ_ብቻ፦
ሁለቱንም የታች ብሬክ ገመድ (ከቶግሉ የሚነሣውን) ቀይርና ዝለል። አለቀ።

ሰማይ_ቤቴ፦
ይቅርታ፣ ተቻኩዬ ነው። 170 ካሬ ጫማ፣ ዘጠኝ ሴል፣ ዜሮ ፒ (አየር የማያሳልፍ) ጨርቅ። ከሰው ነው የገዛሁት፤ ገመዱ ስፔክትራ ነው፣ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ አልተቀየረም ብሎኛል። ዝላዩ ከአምስት መቶ በላይ ይሆናል። ከነዕቃዬ 190 ፓውንድ ገደማ ነኝ። ስዉፕ (በከፍተኛ ፍጥነት መሬት ታክኮ ማረፍ) አላደርግም። የዘላይ ፈቃዴ ቢ ነው።

ንስር_21፦
ኤችኤምኤ በለው። የካኖፒ ውድድር ሰዎች ሌላ ነገር አይነኩም። ቀጭን ነው፣ አየር አይጎትትም፣ አያጥርም፣ አይለጠጥም። ክንፉ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የሚበረው።

ዓለም_ከዱባይ፦
ንስር፣ እሱ 190 ፓውንድ በ170 ላይ ነው ያለው፣ በካሬ ጫማ 1.1 ፓውንድ ብቻ። በዚያ ጭነት የገመድ ውፍረት የሚፈጥረው የአየር መጎተት ልዩነት አይሰማውም። አንተ የምትበርበትን ለእሱ አታልብሰው።

ሰማይ ቤቴ፣ እኔ ግን ከዚህ በፊት የምጠይቅህ አለ። ሪገሩ ገመዱን ለክቶታል ወይስ በዓይኑ አይቶ ነው «አርጅቷል» ያለህ? አንድ ብሬክ ተበጠሰ ማለት ሙሉ ገመዱ ሞቷል ማለት አይደለም። ብሬክ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚያልቅ ገመድ ነው። ልኬቱን ሳታይ ስለ ገመድ ዓይነት መከራከር ትርጉም የለውም። አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ የምዘለው በረሃ ነው። አሸዋ ገመድ ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። አንተም አቧራማ ቦታ የምታርፍ ከሆነ ለሪገሩ ንገረው።

ብሬክ_ብቻ፦
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ሁለቱንም የታች ብሬክ ቀይር።

ሪገር_ቴክሳስ፦
እንኳን ደህና አረፍክ። ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና። «የቱ ይጠነክራል?» ብለህ አትጠይቅ። ሦስቱም አዲስ ሲሆኑና ለካኖፒህ በተመደበው ውፍረት ሲገቡ ከአንተ በላይ ይሸከማሉ። የሚለያዩት በአረጃጀታቸው ነው።

ስፔክትራ፣ ማይክሮላይን የሚባለውም እሱው ነው፣ የፖሊኤትሊን ዘር ነው። ቀላል ነው፣ መፋተግን በደንብ ይችላል። ጠላቱ ሙቀት ነው። ወደ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፣ ለገመድ ይህ ዝቅተኛ ነው። ካኖፒው በተከፈተ ቁጥር ስላይደሩ (አከፋፈቱን የሚያዘገየው ጨርቅ) በብረት ቀለበቶቹ ገመዱን እየፈተገ ይወርዳል። ፍትጊያው ያሞቀዋል፣ በሞቀ ቁጥር በጥቂቱ ያጥራል። ደግሞ እኩል አያጥርም። ቀለበቱ አጥብቆ የሚፈትጋቸው የዳሮቹና የብሬኮቹ ገመዶች ናቸው። የመሃል ኤ ገመዶች (የፊት ረድፎቹ) ብዙም አይነኩም። ስለዚህ ገመዱ ሳይበጠስ፣ መልኩም ደህና ሆኖ፣ ካኖፒው ቅርጹን ይለውጣል። ብሬኩ ብቻውን በኢንቾች ሊያጥር ይችላል።

ቬክትራን በሙቀት አያጥርም። ልኩን እንደያዘ ይኖራል። ጠላቶቹ ፍትጊያና ፀሐይ ናቸው። ጸጉር ያወጣል፣ ይቦጫጨቃል፣ ግን ይታይሃል። ከስፔክትራ ቀድሞ መቀየር አለበት።

ኤችኤምኤ የአራሚድ ዘር ነው፤ የጃፓኑ ቴይጂን ቴክኖራ ብሎ የሚያመርተው ነው። እሱም አያጥርም። ችግሩ እርጅናው በዓይን አለመታየቱ ነው። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። እሱን የሚያስገባ ሰው ዝላዩን በደብተር ይመዘግባል፣ የካኖፒው ሰሪ ባለው ቁጥር ላይ ይቀይራል፣ «ገና ደህና ነው» አይልም።

ባጭሩ ስፔክትራ ያጥራል፣ ቬክትራን ጸጉር አውጥቶ ይነግርሃል፣ ኤችኤምኤ ሳይነግርህ ይሄዳል። የትኛውን እርጅና ነው አንተ በትክክል የምትከታተለው? መልስህ እዚያ ነው።

አሁን ሁለት ነገር ንገረኝ። በቅርቡ አከፋፈቱ ጠንከር ብሎብህ ነበር? ቶግሎቹን እስከ ላይ ለቀህ፣ በእጅህ እንደያዝካቸው የፊት ራይዘሮቹን ስትስብ ካኖፒው ይንፈራገጣል?

ተፈሪ_ሜዳ፦
ሪገር፣ እኔ መዝለሉ ቀርቶብኝ ማንበቡ ብቻ ላብ አጠመቀኝ። ይበል፣ ቀጥል።

ሰማይ_ቤቴ፦
ሁለቱም አሉ። አከፋፈቱ ከበጋው ወዲህ አንገቴን ያስይዘኛል። የፊት ራይዘር ስስብ ደግሞ ክንፉ እየተንፈራገጠ ይነጫነጫል። የካኖፒው ባህርይ ነው ብለውኝ ነበር።

ሪገር_ቴክሳስ፦
ባህርዩ አይደለም፣ ያጠረ ብሬክ ነው። እጅህን እስከ ላይ ለቀህም ብሬኩ የክንፉን ጭራ ወደ ታች ይዞታል። የፊት ራይዘር ስትስብ ጭራው ይብሱን ይጎተታል፣ ለዚያ ነው የሚንፈራገጠው። በደህና ካኖፒ ላይ ቶግሉን ስትለቅ ወደኋላ ቀና ብለህ ብታይ፣ የብሬኩ ገመድ በነፋስ ወደኋላ ደገን ብሎ ይታያል፣ ጭራውም አይታጠፍም። አከፋፈቱ የጠነከረብህም ልኩ ከመዛባቱ ጋር ሊያያዝ ይችላል። አስተጣጠፍህንም ሰው ይይልህ፣ ሁሉንም በገመድ አታላክክ።

ስለዚህ ዓለም ልክ ናት፣ ይለካ። ሪገሩ ገመዱን ወጥሮ ከሰሪው የልክ ሰንጠረዥ ጋር ያስተያይ። ግራና ቀኙን፣ የመሃሉን ኤ ከዳሩ ጋር፣ ብሬኩን ከሁሉም ጋር። ወረቀቱን ጠይቀህ እይ። እኔ ግን ከነገርከኝ ብቻ ተነሥቼ ሙሉው ይቀየር ነው የምለው።

ብሬክ_ብቻ፣ ያንተ ምክር ለብዙ ሰው ይሠራል። ለዚህ ልጅ ግን ግማሽ ነው። የታቹን ብቻ ከቀየረ ያጠረው የላይኛው ብሬክና የዳሮቹ ገመድ እዚያው ናቸው።

ብሬክ_ብቻ፦
እሺ፣ ግን ሁለቱም ጎን አብሮ ይቀየር። አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ አድርጎ የሚሰጥ ሰው አይቻለሁ። ወደ አንድ ጎን ይዞራል።

ሪገር_ቴክሳስ፦
እሱ ላይ ምንም ክርክር የለኝም።

ንስር_21፦
የተበጠሰው የት ጋ ነው? የቶግሉ አፍንጫ የሚገባበት የገመዱ ቀለበት ጋ ከሆነ ይሄ የታወቀ ቦታ ነው። ብሬኩ ታስሮ ካኖፒው ሲከፈት ሸክሙ እዚያች ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ራይዘሩ ላይ ካለው ብረት ጋርም ይፋተጋል። አሮጌ ራይዘር በቬልክሮ የሚያያዝ ቶግል ካለው ደግሞ ቬልክሮው ራሱ ገመዱን ይበላዋል።

ሰማይ_ቤቴ፦
እዚያው ጋ ነው! ቀለበቷ መሃል ላይ። ራይዘሬም ቬልክሮ ነው።

ዓለም_ከዱባይ፦
በል እንግዲህ፣ ከገመዱ ጋር ራይዘሩንም ቀይር። አዲስ ገመድ በቬልክሮ ላይ አታስገባ፣ ገንዘብህን መበተን ነው። ሌላ ደግሞ፣ ባረፍክ ቁጥር ቶግሎቹን ስትሰበስብ ብሬኩ ይጠማዘዛል። የተጠማዘዘ ገመድ ያጥራል፣ ቶሎም ያልቃል። በየጊዜው ቶግሉን ይዘህ ፍታው። ይሄ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አይነካውም።

የፐሪስ_ልጅ፦
አንድ ነገር ሳይነሣ እንዳያልፍ። በኋላ ራይዘር ያረፍከው ጥሩ አድርገህ ነው፣ ግን ለሌላው አንባቢ ልጨምር። ፍሌሩን የሚሞክሩት ከፍ ብለው ነው፤ ካልያዘ ዋናውን ቆርጦ ሪዘርቭ (መጠባበቂያውን ፓራሹት) መክፈት አለና። ውሳኔው ከፍታ አለው። ዩኤስፒኤ (የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር) ለተማሪና ለኤ ፈቃድ 2,500 ጫማ፣ ከቢ እስከ ዲ 1,800 ጫማ ይላል። ከዚያ በታች እየሞከሩ መቆየት የለም። ትንሽ ካኖፒ ላይ በኋላ ራይዘር ማረፍ ሌላ ነገር ነው፣ ትንሽ አብዝተህ ከሳብክ በድንገት መብረሩን ያቆማል።

ጋሽ_አየርወለድ፦
ይሄን ለጻፈው ልጅ እግዚአብሔር ይስጠው። ከፍታን እየቆጠሩ መወሰን በእኛም ጊዜ የመጀመሪያው ትምህርት ነበር።

ሰማይ_ቤቴ፦
እሺ፣ ታዲያ ለኔ የትኛው? ሐሙስ ነገ ነው። ቅዳሜስ ይደርሳል?

ሪገር_ቴክሳስ፦
ቅዳሜን ተወው። ገመዱ ይታዘዛል፣ ይሰፋል፣ ይለካል፣ በችኮላ የሚሠራ ነገር አይደለም። መዝለል ካማረህ ከምትዘልበት ቦታ ዕቃ ተከራይ፣ ከራስህ ካኖፒ ያላነሰ ውሰድ።

ለአንተ ሁለት መንገድ አለ። በየወቅቱ ሪገር ጋ ወስደህ የምታስለካ ከሆነ ስፔክትራ ይበቃሃል፤ የታቹን ብሬክ ቀደም ብለህ አስቀይር፣ ሙሉውን በሰሪው ቁጥር። ማስለካት የማትወድ ከሆነ፣ ግን ስታጥፍ ገመድህን የምታይ ከሆነ ቬክትራን ይሻልሃል፤ ልኩ አይዛባም፣ ማርጀቱንም በጣትህ ታገኘዋለህ። ስታጥፍ ገመዱን በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሃል አሳልፈው። የሚሻክርህ ቦታ ላይ ቁም፣ አየው። ብቻ ፀሐይ ላይ አታሰጣው። ኤችኤምኤን አሁን አልመክርህም፤ ዝላዩን እንኳ በግምት ነው የነገርከኝ።

ስፔክትራ ነው ወይስ ቬክትራን ካልከኝ፣ ካኖፒው ሲንፈራገጥ አንድ በጋ ሙሉ ዝም ብለህ በርረሃል፣ ስለዚህ ቬክትራን። ስድብ አይደለም፣ የሚታይህ ነገር ይሻልሃል። በመጨረሻ፣ ዕቃው ሪገር ጋ ስላለ የሪዘርቭህን ቀን እይ። እንደገና የሚታጠፍበት 180 ቀኑ ከቀረበ አብሮ ይታጠፍ።

ንስር_21፦
እኔ አሁንም ኤችኤምኤ ባይ ነኝ፣ ለሱ ግን እሺ፣ ቬክትራን።

ብሬክ_ብቻ፦
ሁለቱንም ጎን።

ዓለም_ከዱባይ፦
ሰማይ ቤቴ፣ ምን አዘዝክ? ልኬቱስ ምን አለ? ብትጽፍልን ለሌላውም ይጠቅማል።

ሙሉ_ሲያትል፦
ሰማይ ቤቴ እስኪመለስ እኔ በዚሁ ልጠይቅ፣ አዲስ ርዕስ መክፈት አልፈለግሁም። የአንገት ሕመም አለብኝ፣ ቀስ ብሎ የሚከፈት ነገር ነው የምፈልገው። ዳክሮን አስገቢ ይሉኛል። እውነት ነው?

ሪገር_ቴክሳስ፦
እህቴ፣ ዳክሮን ፖሊስተር ነው፣ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ይለጠጣል። ሲከፈት የሚመጣውን ድንጋጤ ጥቂቱን እሱ ይወስድልሻል። በብዙ የተማሪ ፓራሹቶች ላይ የሚገባው፣ ካኖፒ ከካኖፒ ጋር የሚያያይዙ ዘላዮችም የሚመርጡት እሱን ነው፤ እነሱ ሲጠላለፉ ቀጭን ገመድ ሰውም ጨርቅም ይቆርጣል። ግን ወፍራም ነው። አየር ይጎትታል፣ ቦርሳሽ ውስጥም ቦታ ይበላል። ቦርሳሽ አሁን ጠበብ ብሎ የሚዘጋ ከሆነ በዳክሮን አይዘጋልሽም፣ በግድ የተዘጋ ቦርሳ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። የቦርሳሽንና የካኖፒሽን መጠን ላኪልኝና እናያለን። ከገመዱ በፊት ግን ስላይደርሽንና አስተጣጠፍሽን ሪገር ይይልሽ፤ አንገትሽን የሚያሳምመው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ሙሉ_ሲያትል፦
ቦርሳው አሁንም በጉልበቴ ተጭኜ ነው የምዘጋው። የመጠኑን ጽሑፍ ማታ ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ።