የሚያፈስ ኤሲ ላይ ጋዝ መሙላት ይከልከል? የአሮጌ ናፍጣ ባለቤቶች ክርክር

ባለመኪናው፦
ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ታሪኩ ግን ትንሽ ይረዝማል። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1984 ሥሪት ናፍጣ ናት። ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ ጠዋት ሳታንገራግር ትነሳለች። ኤሲዋ ግን ለስሙ ነው ያለው። ባለፉት ሁለት በጋዎች ጋዝ አስሞላሁ። ሁለቱንም ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል ቀዘቀዘች፣ ከዚያ ሙቅ አየር መንፋት ጀመረች። ሦስተኛ ጊዜ ሌላ ባለሙያ ጋ ስሄድ «የሚያፈስበት ቦታ ሳይገኝ አልሞላልህም» ብሎ መለሰኝ። መጀመሪያ በገንኩ። ቤት ገብቼ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ሰውየው እውነቱን ነው። እንዲያውም ነገሩ ለባለሙያው ሕሊና ብቻ መተው የለበትም። የሚያፈስ ኤሲ ላይ ጋዝ መሙላት በሕግ ይከልከል እላለሁ። የሚቃወም ይምጣ።

ባለሚኒባሱ፦
መጣሁ። ከጠዋት እስከ ማታ መሪ ላይ ነኝ። ላብ ምን እንደሆነ ከእኔ ጠይቅ። የአሮጌ መኪና ኤሲ «በሥርዓቱ ይጠገን» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር፣ ሙቀቱን የሚጥለው ኮንደንሰር፣ ቱቦ፣ እርጥበት የሚይዘው ማድረቂያ። ተደምሮ ሲመጣ መኪናዋ ራሷ ያን ያህል አታወጣም። ጋዝ ማስሞላት የሌለው ሰው መፍትሔ ነው። ይህን ስትከለክል ያለው ይቀዘቅዛል፣ የሌለው ይቀቀላል። ጎማዬ ቀስ እያለ ሲተነፍስ ነፋስ እሞላለሁ። ማንም «ቀዳዳውን ሳታገኝ አትሙላ» ብሎኝ አያውቅም።

ቴክኒሻኗ፦
ወንድሜ፣ ከጎማህ የሚወጣው አየር ነው። ከየት መጣ? ከአየር። ወዴት ሄደ? ወደ አየር። ከኤሲህ የሚወጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

ማቀዝቀዣ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። የ1984ቷ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ የተሞላችው አር12 ነው። ክሎሪን ያለበት ጋዝ ነው። ሞሊና እና ሮውላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ የጋዝ ቤተሰብ የኦዞን ሽፋንን እንደሚበላ እ.ኤ.አ. በ1974 ጻፉ። እነዚህን ጋዞች ለማስቀረት የሞንትሪያል ስምምነት በ1987 ተፈረመ። ያደጉት አገሮች እስከ 1995 መጨረሻ ማምረት አቆሙ፣ ሌሎቹ እስከ 2010 ጊዜ ተሰጣቸው። ቦታውን የያዘው አር134ኤ ክሎሪን ስለሌለበት ኦዞንን አይነካም። ምድርን በማሞቅ ግን አይታማም፦ በ100 ዓመት ሲሰላ አንድ ኪሎው እንደ 1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚቆጠረው።

አሁን ይህን በናፍጣ ቋንቋ ልንገርህ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎ አር134ኤ ሾልኮ ሲጠፋ ከ500 ሊትር በላይ ናፍጣ እንዳቃጠልክ ነው። መንገድ ሳትሄድበት።

ባለሚኒባሱ፦
500 ሊትር? እሺ፣ ይቺ ነካችኝ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን ሕግ ያወጣ አለ ወይስ እኛው እዚህ ተቀምጠን እያረቀቅን ነው?

ቴክኒሻኗ፦
አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ያወጣው የመኪና ኤሲ መመሪያ ባለመኪናው የሚለውን ነው የሚለው፦ ከልክ በላይ ጋዝ ያፈሰሰ ኤሲ አስፈላጊው ጥገና ሳይደረግለት እንደ አር134ኤ ባለ ጋዝ እንዳይሞላ ጥገና ሰጪዎችን ይከለክላል። አሜሪካ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛለች። ጋዙን ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅ ክልክል ነው፤ የመኪና ኤሲ ግን ከመሞላቱ በፊት ይጠገን ብሎ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። በካሊፎርኒያ ራሱ ለሚሞላ ሰው የሚሸጡት ትንንሽ የጋዝ ጣሳዎች ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው። ጣሳው ሲመለስ ለገዢው የሚመለስ የመያዣ ገንዘብም አለው።

ባለሚኒባሱ፦
«ከልክ በላይ» ስንት ነው? ጨዋታው እዚያ ቃል ላይ ነው። የሠላሳ ዓመት የጎማ ቱቦ ሳይሰበርም በቀዳዳው ሳይሆን በገላው ያስተነፍሳል። ሦስት ሳምንት የቆየው የባለመኪናው ከልክ በላይ ነው እንበል። ሁለት ዓመት የቆየው የእኔስ? ደግሞ ጋራዡን ከልክለህ ጣሳውን ከሸጥክ ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ ይሞላል። በመለኪያ የሚሞላውን አስቀርተህ በግምት የሚሞላውን አበዛህ ማለት ነው።

ባለመኪናው፦
የጣሳውን ነገር አላሰብኩበትም ነበር። እውነትህን ነው። ከልክሉ ስል ጋራዡን ብቻ ነበር ያየሁት።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ልጆች፣ ሕጉን ለእናንተ ልተውና ስለ ብረቱ ላውራ። ሰው ኤሲው አልቀዘቀዘም ሲል ጣቱን መጀመሪያ ጋዝ ላይ ይቀስራል። በአሮጌ ናፍጣ ላይ ግን ጋዙ ሙሉ ሆኖም ኤሲው የማይቀዘቅዝበት ምክንያት ብዙ ነው። ስንቱን ሳይፈታ ሲሞላ አይቻለሁ።

አንድ መኪና መጣችልኝ። ሦስት ቦታ ጋዝ ተሞልቶላታል፣ አትቀዘቅዝም። ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን የውሃ ቱቦ ያዝኩት፤ ያቃጥላል። የውሃው ቫልቭ ውስጥ ያለችው ላስቲክ ተቀድዳለች። ስለዚህ በአንድ ሳጥን ውስጥ ኢቫፖሬተሩ ያበርዳል፣ የሞተሩ ውሃ መልሶ ያሞቃል። ላስቲኳን ቀየርኩ፣ መኪናዋ በረደች። ጋዙ ምን አጠፋ?

ሌላው ሚኒሞ ነው፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር። ናፍጣ ሚኒሞ ላይ ዝግ ብሎ ነው የሚዞረው፣ ኮምፕሬሰሩም አብሮት ያንቀላፋል። ያኔ ደግሞ መኪናዋ ስለቆመች ኮንደንሰሩ ንፋስ የለውም። ብዙ የጃፓን ናፍጣዎች ኤሲ ሲበራ የናፍጣ ፖምፓውን ክንድ በቫኪዩም ሳብ አድርጎ ሚኒሞውን ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ዕቃ አላቸው። ቱቦዋ ተሰንጥቃ ከሆነ ማንም ልብ አይላትም። ኮንደንሰሩ ፊት ያለው የኤሌክትሪክ ፋን ከቆመ ደግሞ ከነጭራሹ ጋዝ አትሙሉ። በአሮጌ መኪና ያን ፋን መቀየር ብቻውን ለውጡ ይገርማችኋል።

ከአር12 ወደ አር134ኤ መቀየር ከተፈለገ የመሙያ አፍንጫውን ቀይሮ መሙላት አይበቃም። የድሮው ማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም፤ ጋዙ ይሄዳል፣ ዘይቱ አንድ ጥግ ይቀራል፣ ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ይነክሳል፣ መዞር ያቆማል። ለእንዲህ ያለ ቅየራ ኤስተር ዘይት የሚመረጠው ለትራፊው የድሮ ዘይት ስለሚታገሥ ነው። ማድረቂያው ይቀየራል። ቱቦው ውስጡ የናይለን ሽፋን ያለው ይሁን፤ የአዲሱ ጋዝ ቅንጣት ከድሮው ያንሳል፣ በተራ ጎማ ሾልኮ ይወጣል። መጠኑም ከድሮው ከ80 እስከ 90 በመቶ ገደማ ነው። ድሮ አንድ ኪሎ ትወስድ ነበር ብሎ አንድ ኪሎ የሚሞላ ሰው ግፊቱን ሰማይ ይሰቅለዋል።

ኮንደንሰሩን ግን አስምሩልኝ። የድሮው አንድ ረጅም ቱቦ ነው፣ እየታጠፈ ይሄዳል። አዲሱ ጋዙን በብዙ ቀጫጭን መንገዶች ጎን ለጎን ያሳልፈዋል፣ ሙቀቱን ቶሎ ይጥላል። በጠራራ ፀሐይ አር134ኤ ከአር12 ከፍ ያለ ግፊት ስለሚያነሳ የድሮው ኮንደንሰር አይችለውም። ገንዘቤ ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል የሚለኝ ሰው ቢመጣ፣ ፍሰቱን ካስቆመ በኋላ ኮንደንሰሩን ቀይር ነው የምለው።

ሞካሪው፦
ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ግን ይህን ሁሉ ድካም ለምን? ፕሮፔንና አይሶቡቴን ደባልቆ መሙላት አለ። ከድሮው ዘይት ጋር ይስማማል፣ ግፊቱ ከአር12 ጋር ይቀራረባል፣ በክብደት የሚገባው ሲሶው ያህል ነው፣ ምድርንም ያን ያህል አያሞቅም። የቤታችን ፍሪጅ ራሱ በአይሶቡቴን ነው የሚሠራው። የክልከላውን ነገር ትታችሁ ይህ ይፈቀድ።

ቴክኒሻኗ፦
ማቀዝቀዙን አልክድም፤ ፕሮፔን ጥሩ ማቀዝቀዣ ነው። የፍሪጁን ምሳሌ ግን አልቀበልም። የቤት ፍሪጅ ከፋብሪካ የታሸገ ነው፣ የሚይዘውም ጥቂት አሥር ግራም ነው። የመኪና ኤሲ በጎማ ቱቦ የተያያዘ፣ ሲነቀነቅ የሚውል፣ በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማኅተም (ጋዝ እንዳይወጣ በሚዘጋው ላስቲክ) በኩል የሚያስተነፍስ ዕቃ ነው። ኢቫፖሬተሩ ደግሞ ክሩስኮቱ ሥር፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ነው ያለው። ፕሮፔን በአየር ውስጥ ከ2.1 በመቶ ጀምሮ ይቀጣጠላል። መስኮት ዘግቶ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው አስብ። አሜሪካ ለአር12 መኪኖች እንዲህ ያለውን ቅየራ የከለከለችው በዚህ ነው። ለማብሰያ የሚሸጠው ጋዝማ ጭራሽ አይሆንም፤ እርጥበትና ቆሻሻ አለበት።

ሞካሪው፦
ናፍጣ መኪና እኮ ነው፣ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ካንዴላ የለውም፤ የኮምፕሬሰሩ ክላች፣ የፋኑ ሞተር፣ ዳይናሞውስ? ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን አንድ ነው። አንተ ሞልተህ መኪናዋን ትሸጣለህ። ገዢው አያውቅም። መካኒኩ በልቡ አር134ኤ ነው ብሎ የጋዝ መሳቢያ ማሽኑን ይሰካል፣ ማሽኑ ውስጥ ያለውንም ጋዝ ታበላሽበታለህ። ሲበየድማ አጠገቡ መሆን አልፈልግም። የምትሞላ ከሆነ ኮፈኑ ሥር በትልቁ ጽፈህ ለጥፍ።

ባለሚኒባሱ፦
ወደ ጥያቄው እንመለስ። እኔ የምስማማበትን ልናገር። ጋራዡ ከመሙላቱ በፊት ይፈትሽ፣ የት እንደሚያፈስ በወረቀት ጽፎ ይስጠኝ፣ የቀረውንም ጋዝ ሳይለቅ በማሽን ይሳብ። ይህ ግዴታ ይሁን። ሳልጠግን እንዳይሞላልኝ መከልከሉን ግን አልቀበልም። አንድ ጊዜ ይሞላልኝ፣ ለጥገናው ጊዜ ይሰጠኝ።

ቴክኒሻኗ፦
አንድ ጊዜ ስትል ግማሽ ኪሎ ነው። ከ260 ሊትር በላይ ናፍጣ። ደግሞም ያ አንድ ጊዜ ለማን ነው የሚቆጠረው? ለመኪናዋ? ለጋራዡ? አንተ ነገ ሌላ ጋራዥ ትሄዳለህ። ፍተሻውን ግን እወደዋለሁ፣ በተለይ በናይትሮጅን ግፊት ከሆነ። ቫኪዩም ሳብ አድርጎ «ያዘ» የሚሉትን አትመኑ። ቫኪዩም ቱቦውን ወደ ውስጥ የሚጫነው በአንድ ባር ነው። ሲሠራ ወደ ውጭ የሚገፋው ከ15 ባር ሊያልፍ ይችላል።

ባለመኪናው፦
ከመጀመሪያው አቋሜ ትንሽ ፈቀቅ ብያለሁ። ጣሳው በነፃ እየተሸጠ ጋራዡን ብቻ መከልከል ግማሽ ሥራ ነው። ግን ለባለሚኒባሱ «አንድ ጊዜ» እጄን አልሰጥም። እኔ ሁለት «አንድ ጊዜ» ነበረኝ፣ ሁለቱም ሄደዋል።

ዛሬ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ በባትሪ አየሁ። ኮምፕሬሰሩ ፊት፣ ከክላቹ ሥር፣ ዘይት የያዘ አቧራ ተጋግሯል። ቺንጊያው ላይም ተረጭቷል።

ጡረተኛው መካኒክ፦
የዘንጉ ማኅተም ነዋ! በብርድ ወራት ኤሲውን ታበራዋለህ?

ባለመኪናው፦
ኧረ ጋሼ፣ በብርድ ምን ላድርገው?

ጡረተኛው መካኒክ፦
በወር አንዴ አሥር ደቂቃ። ዘይቱ ካልዞረ ላስቲኩ ይደርቃል።

ባለሚኒባሱ፦
ይኸውላችሁ! ይህንንም ሕግ አድርጉት እንግዲህ።